የቀድሞና የአሁን አናሎግ ሲንተሳይዘሮች የድምፅ ልዩነት ከምን ይመጣል?

ዜማ ፈላጊ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስቱዲዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ፕሮፌት 5 የተባለ አናሎግ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ሪቪዥን 3፣ ማለትም ሦስተኛው እትም፣ እና በ2020 የወጣው ሪቪዥን 4 ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላገኘኋቸው፣ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረውን ጉዳይ በራሴ ጆሮ ለማጣራት ዕድል አግኝቻለሁ። በሁለቱም ላይ ማዞሪያዎቹን አንድ ዓይነት ቦታ ላይ አደረግሁ፤ ሁለቱን ኦሲሌተሮች (ድምፁን የሚያመነጩትን ክፍሎች) በመጋዝ ጥርስ ሞገድ፣ ፊልተሩን (ከፍተኛ ድግግሞሾችን የሚቆርጠውን) ግማሽ ላይ፣ ሬዞናንሱን (በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላውን) ዝቅ አድርጌ፣ ኢንቨሎፑን (ድምፁ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወርድ የሚወስነውን) ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲከፈት አስተካክዬ አንድ ባለ አራት ኖታ ኮርድ ተጫወትሁ።

የቀድሞው ወፍራም፣ ሰፊና ውስጡ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ተሰማኝ። አዲሱ ጥርት ያለና የተረጋጋ ነው፤ ከፍተኛው የድምፅ ክልል ይበልጥ ይሰማል። ኮርዱን ይዤ ስቆይ የቀድሞው ቀለሙን ቀስ በቀስ ሲለዋውጥ፣ አዲሱ ግን በጀመረበት ሁኔታ ይዘልቃል። አጫጭር የቤዝ ኖታዎችን ስጫወትም ልዩነት ያለ ይመስለኛል፤ የቀድሞው ሲነካ ቶሎ ብሎ ይመልሳል።

ጥያቄዬ ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው የሚል ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቺፖችና ትራንዚስተሮች ዛሬ የማይገኝ ባሕርይ ነበራቸው? አርባ ዓመት ያስቆጠረ መሣሪያ ስለሆነ ያረጁት ክፍሎቹ ናቸው እንዲህ የሚያሰሙት? ወይስ የቀድሞው ይበልጣል የሚለውን እምነት ይዤ ስለገባሁ ጆሮዬ የጠበቀውን ሰማ? ከሁለቱ አንዱን መርጬ ለረጅም ጊዜ ልሠራበት ስላሰብሁ፣ «የቀድሞው ነፍስ አለው» ከሚል መልስ ይልቅ የመሣሪያዎቹን አሠራር ከሚያውቅ ሰው የሚመጣ ማብራሪያ ይበልጥ ይጠቅመኛል።

የብየዳ ጠረጴዛ

እርስዎ የሰሙት ልዩነት በእርግጥም ሊኖር የሚችል ነው፤ ነገር ግን መሣሪያዎችን «የቀድሞ» እና «የአሁን» ብሎ በሁለት መክፈል ምክንያቱን ከመግለጥ ይልቅ ይሸፍነዋል። እነዚህን መሣሪያዎች መጠገንና መቃኘት ሥራዬ ስለሆነ ከሰርኪዩቱ እጀምራለሁ።

በቮልቴጅ የሚታዘዝ ኦሲሌተር ከቁልፉ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ወደ ድግግሞሽ ይቀይራል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ደንቡ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲል፣ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ እንዲሆን ነው። ይህን የእጥፍ አካሄድ የሚያስገኘው የትራንዚስተር የራሱ ባሕርይ ነው፤ በቤዙና በኤሚተሩ መካከል ያለው ቮልቴጅ በ18 ሚሊቮልት ገደማ ከፍ ባለ ቁጥር በውስጡ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ይህ 18 ሚሊቮልት የሚባለው መጠን ከሙቀት ጋር አብሮ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት አካባቢ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.33 በመቶ ያህል ይቀየራል። ስለዚህ ማካካሻ ካልተደረገለት፣ መሣሪያው ከተቃኘበት ኖታ አንድ ኦክታቭ ርቆ የሚገኝ ኖታ በአንድ ዲግሪ ለውጥ ብቻ 4 ሴንት ያህል ከቅኝቱ ይወጣል፤ አራት ኦክታቭ የራቀው ደግሞ 16 ሴንት ይስታል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን ካሰብን ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች አብዛኛውን ድካማቸውን ያዋሉት ይህን ለመቆጣጠር ነበር፤ ሙቀት ሲጨምር መጠኑ አብሮ የሚጨምር ሬዚስተር ያስገባሉ፣ ሁለት ትራንዚስተሮችን አጣብቀው እኩል እንዲሞቁ ያደርጋሉ፣ ወይም ትራንዚስተሩን ራሱን ሆን ብለው አሙቀው በአንድ ሙቀት ላይ ያቆዩታል። የተረፈው ትንሽ ስሕተት ነው እንግዲህ ዛሬ እንደ ውበት የሚነገርለት።

ትንሽነቱን በቁጥር እንየው። 440 ኸርዝ ላይ 1 ሴንት ማለት 0.25 ኸርዝ ያህል ነው። ሁለት ኦሲሌተሮች በዚህ መጠን ብቻ ሲለያዩ ድምፃቸው በየአራት ሰከንዱ አንድ ጊዜ እየተደራረበ ይጎላል፣ እየተሻረም ይሳሳል። ይህን ለማስከተል በኦሲሌተሩ መግቢያ ላይ የሚያስፈልገው የቮልቴጅ ልዩነት 1 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። እርስዎ የተጫወቱት ኮርድ አራት ኖታ አለው፤ እያንዳንዱ ኖታ ሁለት ኦሲሌተር ስለሚጠቀም በአንድ ጊዜ ስምንት ኦሲሌተሮች እየሠሩ ነበር፣ እያንዳንዱ ጥንድም በራሱ ፍጥነት ይወዛወዛል። ብዙ ሰዎች አንድን ዜማ በኅብረት ሲዘምሩ ማናቸውም ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ ድምፁ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ «ውስጡ የሚንቀሳቀስ» ያሉት ነገር በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ፊልተሮቹና ኢንቨሎፖቹም በየድምፁ (መሣሪያው ለእያንዳንዱ ኖታ በሚመድበው ሰርኪዩት) ጥቂት ይለያያሉ፤ ይህም ይደመርበታል።

አሁን ወደ ቺፖቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮፌት 5 እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ኤስኤስኤም የተባለ አምራች ቺፖችን ይጠቀም ነበር፤ ፊልተሩ ኤስኤስኤም 2040 ነው። በ1980 ሪቪዥን 3 ሲመጣ ኩርቲስ በተባለ ሌላ አምራች ቺፖች ተተኩ፤ ኦሲሌተሩ ሲኢኤም 3340፣ ፊልተሩ ደግሞ ሲኢኤም 3320 ሆነ። ሲኢኤም 3340 የሙቀት ማካካሻውን በውስጡ ይዞ የመጣ በመሆኑ ቅኝት በመጠበቅ ከቀዳሚው በእጅጉ ይሻላል። ስለዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ሁለቱም «የቀድሞ» የሚባሉ፣ ነገር ግን ድምፃቸው የተለያየ ሁለት መሣሪያዎች አሉ ማለት ነው። የሌላው ሲንተሳይዘር፣ የአርፕ ኦዲሲ፣ ነገርማ ከዚህም ያልፋል፤ በ1970ዎቹ በቆየባቸው ዓመታት ሦስት የተለያዩ የፊልተር ሰርኪዩቶች ተፈራርቀውበታል፣ ኮርግ የተባለው አምራች በ2015 እንደገና ሲያወጣውም ሦስቱንም በማብሪያ እንዲመረጡ አድርጎ ነው ያስገባቸው። አንድ ሰው «የኦዲሲ ድምፅ» ሲል የትኛውን እንደሚል መጠየቅ ተገቢ ነው።

እርስዎ የሞከሩት ሪቪዥን 4 ሁለቱንም የፊልተር ዓይነቶች ይዟል። በፊቱ ላይ ያለው መምረጫ 1 እና 2 የሚለው ላይ ከነበረ ያነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ ፊልተሮችን ነው እንጂ ሁለት ዘመኖችን አይደለም። ይህን መምረጫ ወደ 3 ያድርጉት። ሌላው «ቪንቴጅ» የሚል ማዞሪያ ነው። 4 ላይ ሲሆን መሣሪያው የተረጋጋ ነው፤ ወደ 1 እየዞረ ሲሄድ የእያንዳንዱን ድምፅ ኦሲሌተር፣ ፊልተርና ኢንቨሎፕ ጥቂት ጥቂት ያለያያል። የት ላይ እንደነበረ ሳይታወቅ ስለ መሣሪያው ድምፅ መናገር ይከብዳል።

የእርጅናን ጉዳይ በተመለከተ፣ በኃይል ሰጪው ክፍል ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኃይል አጠራቅመው ሞገዱን የሚያለሰልሱ ክፍሎች) ከዓመታት በኋላ እየደረቁ አቅማቸው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ከመብራቱ የሚመጣው 100 ወይም 120 ኸርዝ ሞገድ ሙሉ በሙሉ ሳይጣራ ወደ ኦሲሌተሩ ያልፋል፤ ድምፁንም ሻካራ ያደርገዋል። ይህን ሻካራነት «የቀድሞ መሣሪያ ሙቀት» ብለው የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ካፓሲተሩ ሲቀየር ግን ይጠፋል። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደዚያ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው የሚወደው ድምፅ የ1980ን አዲስ መሣሪያ ድምፅ ነው ወይስ የዛሬውን ያረጀ መሣሪያ ድምፅ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።

ቀረጻ ክፍል

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ንጽጽሩ አካሄድ እጨምራለሁ፤ እንዲህ ባለ ሙከራ አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነውና።

በመጀመሪያ ማዞሪያዎቹ አንድ ቦታ ላይ መሆናቸው መሣሪያዎቹ አንድ መጠን ላይ ናቸው ማለት አይደለም። በሁለቱ ላይ ፊልተሩን «ግማሽ» ላይ ሲያደርጉት የአንዱ 800 ኸርዝ፣ የሌላው 1,100 ኸርዝ ላይ ቢቆርጥ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ይህ ልዩነት ብቻውን አንዱን «ሞቃት» ሌላውን «ጥርት ያለ» ለማሰኘት ይበቃል። እርስዎ አዲሱ ላይ ከፍተኛው ክልል ይበልጥ እንደሚሰማ ጽፈዋል፤ ከቺፑ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው። ማስተካከያው በጆሮ መሆን አለበት። የኦሲሌተሮቹን መጠን ከሚክሰሩ (ድምፆቹን ከሚቀላቅለው ክፍል) ላይ ዜሮ ያድርጉ፣ የፊልተሩን ሬዞናንስ ራሱ ማፏጨት እስኪጀምር ድረስ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ የሁለቱ መሣሪያዎች ፉጨት አንድ ቅኝት ላይ እስኪገናኝ ድረስ የአንዱን ፊልተር ያዙሩ። ፉጨቱ የፊልተሩን መቁረጫ ነጥብ ስለሚነግርዎት አሁን በእርግጥ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ከዚያ ሬዞናንሱን መልሰው ዝቅ ያደርጋሉ።

በዚያው አጋጣሚ አንድ ነገር ያዳምጡ። ፊልተሩ ቁልፉን እንዳይከተል አድርገው አምስት የተለያዩ ቁልፎችን በተከታታይ ይጫኑ። እያንዳንዱ ቁልፍ ተራውን ጠብቆ ወደ ሌላ የድምፅ ሰርኪዩት ስለሚሄድ፣ አምስቱ በትክክል ከተቃኙ አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት ፉጨት መስማት አለብዎት። የቆየው ላይ አምስት የተለያዩ ፉጨቶች ከሰሙ የየድምፁ ፊልተር ምን ያህል እንደተራራቀ በጆሮዎ ለክተዋል ማለት ነው። «ሰፊ» ያሉት ስሜት ከዚህ ስንት እጅ እንደሚወስድ ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር የድምፅ መጠን ነው። ሁለት ድምፆች በ1 ዴሲቤል ብቻ ሲለያዩ አድማጩ አንዱ ከፍ ብሏል አይልም፤ አንዱ የተሻለ፣ የሞላ፣ ቤዙ የጠለቀ ነው ይላል። ጆሯችን በዝቅተኛ መጠን ላይ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን በደንብ ስለማይሰማ፣ መጠኑ ከፍ ሲል ቤዙ ከሌላው ክልል ይበልጥ የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱን ቀርጸው አማካይ መጠናቸውን በመለኪያ አይተው ከ0.1 ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት እኩል ያድርጉ። በከፍተኛው ጫፍ ሳይሆን በአማካዩ እኩል ማድረግ ይኖርብዎታል፤ ኦሲሌተሮቹ የሚወዛወዙበት ድምፅ ጫፉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ያሳስታል።

ሦስተኛው ማየት ሳይችሉ ማዳመጥ ነው። ሌላ ሰው ቅጂዎቹን ስማቸውን ሸፍኖ ያሰማዎት፤ አንዱን ከሰሙ በኋላ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ። ከ16 ሙከራ 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ በመገመት ብቻ የማግኘት ዕድል 4 በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ 12 ካገኙ ልዩነቱን በእርግጥ ሰምተዋል ብሎ መናገር ይቻላል። ይህን የምለው ጆሮዎን ለመፈታተን አይደለም። ለረጅም ጊዜ አብሮዎት የሚቆይ መሣሪያ ሲመርጡ በድምፁ እንጂ በስሙ እንዳይመርጡ ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል በርተው ከቆዩና ከዚያ የቅኝት ቁልፋቸው ከተጫነ በኋላ ይጀምሩ። የቆየውን ገና እንደበራ መቅረጽ ለእሱም ለሌላውም ፍትሐዊ አይሆንም።

ነጭና ጥቁር ቁልፎች

ሁለቱንም መልሶች በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ሆኖም ነገሩ ሁሉ ከቅኝት መዛነፍ ጋር ብቻ ተያይዞ እንዳይቀር እፈራለሁ። ሮላንድ የተባለው አምራች በ1982 ያወጣው ጁኖ 60 ሲንተሳይዘር እና በ1984 የተከተለው ጁኖ 106 ኦሲሌተራቸው በዲጂታል ሰዓት የሚመራ ነው። ሞገዱን የሚሠራው አናሎግ ሰርኪዩት ቢሆንም ድግግሞሹ የሚመጣው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሰዓት በማካፈል ስለሆነ ከቅኝት አይወጣም። እንዲያውም ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ነው ያለው፤ ከላይ የተነገረው የጥንድ መወዛወዝ እዚያ የለም። ይሁንና እነዚህን መሣሪያዎች ቀጭን ናቸው የሚል ተጫዋች አላጋጠመኝም። ስፋታቸው የሚመጣው ከኮረሱ (ድምፁን ከራሱ የዘገየ ቅጂ ጋር ከሚቀላቅለው ክፍል) ነው፤ ድምፁ በሁለት የማዘግያ ቺፖች ውስጥ ያልፋል፣ የሁለቱ መዘግየት አንዱ ሲረዝም ሌላው እያጠረ ስለሚሄድ በግራና በቀኝ የሚሰማው የተለያየ ይሆናል። ኮረሱ ሲበራ ከኋላ «ሽ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እሱም የማንነታቸው አንድ አካል ሆኗል። መረጋጋት ብቻውን ድምፅን አያቀጥንም ለማለት ነው።

ሚኒሙግ ሞዴል ዲ የተባለውን ሲንተሳይዘርም ከዚህ አንጻር ማየት ይገባል። በ1970 ወጥቶ እስከ 1981 ድረስ ተሠርቷል፤ ሦስት ኦሲሌተሮች አሉት፣ ፊልተሩም በኦክታቭ 24 ዴሲቤል የሚቆርጠው የትራንዚስተር መሰላል ነው። ብዙ ሰው ስለ ሦስቱ ኦሲሌተሮች ሲያወራ ሚክሰሩን ይረሳል። ሦስቱም መጠናቸው ከፍ ሲል ፊልተሩ ከሚችለው በላይ ሲግናል ስለሚደርሰው የሞገዱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይጨፈለቃል፤ ድምፁም ጥቅጥቅ ይላል። መጠናቸውን ከግማሽ በታች አውርደው መውጫው ላይ ከፍ ቢያደርጉት ፍጹም የተለየ፣ ለስላሳና ገር የሆነ መሣሪያ ያገኛሉ። የጆሮ ማዳመጫውን መውጫ ወደ ውጭ ሲግናል መግቢያው መልሶ በገመድ ማገናኘት የተጫዋቾች የቆየ ዘዴ ነበር፤ በ2016 እንደገና ሲመረት ይህ ግንኙነት ያለ ተጨማሪ ገመድ በውስጡ እንዲኖር ተደርጓል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የሚፈጥረው ዘመን ሳይሆን በሰርኪዩቱ ውስጥ ሲግናሉ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ነው። ዛሬ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ቀጭን የሚመስሉት ሲግናሉ በየደረጃው ንጹሕ ሆኖ እንዲያልፍ ተጠንቅቀው ስለተሠሩ ይመስለኛል። ንጽሕና በመለኪያ ላይ ጥሩ ውጤት ነው፤ በሙዚቃ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አይፈለግም።

የኢንቨሎፑም ጉዳይ ገና አልተነሣም። ጠያቂው «ሲነካ ቶሎ ብሎ ይመልሳል» ያሉት ለእኔ ከቅኝቱ ሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። በሰርኪዩት የሚሠራ ኢንቨሎፕ ካፓሲተር ሲሞላና ሲፈስ የሚከተለውን ጎበጥ ያለ መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ሲወርድ በመጀመሪያ በፍጥነት ይወድቅና እየቆየ እየዘገየ ይሄዳል። በሶፍትዌር የሚሠራው ደግሞ ያንን መስመር በደረጃ በደረጃ ነው የሚያሰላው፤ ደረጃው ሰፊ ከሆነ ወይም የመስመሩ ጉብጠት ካልተስተካከለ የቤዝ ኖታ መምታቱን ያጣል። ይህ እንኳን በዘመን አይከፈልም። ጁኖ 60 የኢንቨሎፕ ቺፕ ሲኖረው ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ጁኖ 106 ኢንቨሎፑን በኮምፒውተሩ ነው የሚያሰላው።

በአንድ ነገር ግን ከየብየዳ ጠረጴዛ ጋር አልስማማም። የቪንቴጅ ማዞሪያው በቆየ መሣሪያ ላይ የሚሰማውን ያህል አያመጣም የሚል እምነት አለኝ። በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ አንዱ ድምፅ ሁልጊዜ ጥቂት ጠቆር ይላል፣ ሌላው ሁልጊዜ ፈጠን ይላል፤ ተጫዋቹም ሳያውቀው ይለምደዋል፣ አጨዋወቱንም በዚያው ይቃኛል።

ዜማ ፈላጊ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ ይዤ ወደ ስቱዲዮው ተመልሼ ሙከራውን ደገምሁ።

የፊልተር መምረጫው 3 ላይ ነበር፤ የቪንቴጅ ማዞሪያው ግን 4 ላይ ስለነበር አዲሱን ያዳመጥሁት እጅግ በተረጋጋበት ሁኔታ ነው። ፊልተሮቹን በፉጨታቸው ሳስተካክል፣ በሁለቱ ላይ አንድ ቦታ የነበረው ማዞሪያ አንዱን ከሌላው ከግማሽ ኦክታቭ በላይ ከፍ አድርጎት እንደነበር ታየኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ በአንድ ኦሲሌተር ብቻ ሳሰማና መጠናቸውን እኩል ሳደርግ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። ኮርዱ ላይ ግን ልዩነቱ አሁንም አለ፤ አምስቱ ፉጨቶችም የቆየው ላይ በግልጽ የተለያዩ ነበሩ፣ አንዱ በተለይ ከሌሎቹ ርቆ ዝቅ ይላል። ማዞሪያውን ወደ 2 አካባቢ ሳመጣው አዲሱ በጣም ቀረበ፤ ባልደረባዬ ስማቸውን ሸፍኖ ሲያሰማኝም መልሴ ከግምት ያልተሻለ ሆነ።

የቀረኝ የአጫጭር ቤዝ ኖታዎቹ ነገር ነው። እዚያ ላይ የቆየው አሁንም ለእኔ ይለያል፤ ሲጀምር ጠንከር ያለ «ጠቅ» የሚል ነገር አለው። ይህ የኢንቨሎፑ ነው ወይስ ሌላ? ደግሞስ የቆየውን ብመርጥና ባስጠግነው፣ የወደድሁት ስፋት ሲቃኝ አብሮ አይጠፋም?

የብየዳ ጠረጴዛ

የአጫጭር ኖታዎቹን በተመለከተ የነጭና ጥቁር ቁልፎችን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የኢንቨሎፕ ጉዳይ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ሪቪዥን 3 ላይ ኢንቨሎፖቹ የራሳቸው ቺፕ አላቸው። ካፓሲተሩ ሲሞላ የሚያነጣጥረው ከጣሪያው በላይ ወዳለ ቮልቴጅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሰርኪዩቱ ያቋርጠውና ወደ መውረድ ይዞራል። በአንድ የጊዜ መጠን ውስጥ 63 በመቶ ያህሉን ይጓዛል የሚባለው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ስለዚህ ከጣሪያ በላይ ባነጣጠረ መጠን የመነሻው መስመር ይቀናል፣ የመነሻው ቅጽበትም ይስላል። ካፓሲተሩ በእርጅና መጠኑ ከተለወጠ የጊዜው ርዝመት አብሮ ይለወጣል። ሁለቱን ለማወዳደር በጣም አጭር የሆነ ኖታ ቀርጸው የሞገዱን ሥዕል በስክሪን አስፍተው ይዩት፤ ከመነሻው እስከ ከፍተኛው ነጥብ ያለውን ርቀት በሚሊሰከንድ ማንበብ ይችላሉ። የአዲሱን የመነሻና የመውረጃ ጊዜ በማዞሪያው ቁጥር ሳይሆን በዚያ ልኬት ያስተካክሉና እንደገና ያዳምጡ። ከዚያ በኋላም «ጠቅ» የሚለው ከተሰማ፣ የድምፅ ማጉያው ክፍል ሲከፈት የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ ራሱ ወደ ድምፁ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ይህ በቆዩ መሣሪያዎች ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሰሌዳው ላይ ባለች ትንሽ ማስተካከያ ይቀነሳል። ግን ከወደዱት እንዲቀር ለጠጋኙ መንገር የእርስዎ ፈንታ ነው።

የቪንቴጅ ማዞሪያውን በሚመለከት ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሙከራዎ የሚያሳየው ለኮርድ ሥራ ልዩነቱ ከመታወቅ በታች ሊወርድ እንደሚችል ነው። በአንድ ቁልፍ ላይ አሥሩንም ኦሲሌተሮች በሚያሰባስበው ዩኒሰን ሞከሩት? ልዩነት ካለ ከየትኛውም ይልቅ እዚያ ላይ ጎልቶ መውጣት አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ግን ዋናው ነው። ጥገና ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚደባለቁ ባለ መሣሪያው ያልጠበቀውን ያገኛል። አንደኛው ጤንነት ነው፤ የኃይል ሰጪውን ካፓሲተሮች መቀየር፣ የሚሰጠው ቮልቴጅ ትክክል መሆኑን መለካት፣ የዛጉ ማገናኛዎችን ማጽዳት። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ኃይል ሰጪው ከተበላሸ ቺፖቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጁኖ 106 ተጠቃሚዎች ይህን በሌላ መንገድ አይተውታል፤ የየድምፁ ቺፕ የተሸፈነበት ሙጫ ከዓመታት በኋላ ከረንት ማሾለክ ስለሚጀምር ድምፆቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ ወይም መንኳኳት ያመጣሉ፤ ሙጫውን በአሴቶን አሟሙቶ ማንሳት ወይም ቺፑን በአዲስ ምትክ መለወጥ ግድ ይሆናል። ሁለተኛው ሥራ መቃኘት ነው፤ በየሰሌዳው ላይ ያሉትን ማስተካከያዎች እየዞሩ አምስቱን ድምፆች ወደ አንድ ማምጣት። ይህ እስከምን ድረስ ይሁን የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ጤንነቱን አሠርተው ፊልተሮቹን እንዳሉ ማስተው ይችላሉ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማንኛውንም ማስተካከያ ከመንካቴ በፊት የአምስቱን ፉጨት ቅኝት በኸርዝ እመዘግባለሁ። ከዚያ በጣም የራቀውን አንዱን ብቻ፣ ያ «ርቆ ዝቅ ይላል» ያሉትን፣ ወደ ሌሎቹ አቀርበዋለሁ። አራቱ በመካከላቸው ያለው ጥቂት ልዩነት እንዲቆይ እተወዋለሁ። ባለቤቱ ካልወደደው የተመዘገበው ቁጥር ስላለ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል። ባልደረባዎ ከፈቀዱ ይህንን ከመወሰንዎ በፊት እንዲያሠሩ እመክራለሁ፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ኃይል ሰጪው ስንት ሚሊቮልት የመብራት ሞገድ እንደሚያሳልፍ ሳይለካ፣ ከአዲሱ ጋር ያነጻጸሩት መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ገና አልታወቀም።